የአስቸኳይ ጥሪ ስልክ፤ ሕጉና ገንዘቡ ከኮምቦልቻ ሲታይ

ስልክ በአገራችን ለአያሌ ጉዳይ ያገለግላል። ነጋዴው የእህልና የከብት ዋጋ ይጠይቅበታል፤ ተማሪው ለወላጆቹ ደኅንነቱን ይነግርበታል፤ በዛሬው ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ይላክበታል። ይሁን እንጂ የስልክ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው፣ አንድ ሰው በሕይወትና በሞት መካከል ሆኖ ወይም ቤቱ በእሳት ተይዞ እርዳታ በሚጠራበት ደቂቃ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ የአስቸኳይ ጥሪ ጉዳይ ሲሆን፣ በተለይ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን። አንደኛው ጥሪው በምን ሕግ ይመራል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ወጪውን ማን ይከፍላል የሚል ነው።

ለምርመራችን ኮምቦልቻንና ደሴን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በመካከላቸው የሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ደሴ በከፍታው ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በቦርከና ወንዝ አጠገብ በዝቅተኛው ሥፍራ ተቀምጠዋል። ፋብሪካዎቹ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፣ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እንዲሁም ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወስደው የከባድ መኪና መንገድ በኮምቦልቻ በኩል ናቸው፤ ለጽኑ ሕመምተኛ ተስፋ የሚሆነው ትልቁ ሆስፒታል ግን በደሴ ነው። ስለዚህ አደጋው ከታች፣ ሕክምናው ከላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ አገር የአንድ ጥሪ መዘግየት ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ሐተታ አያሻም።

አሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ እንግለጽ። አጭር የስልክ ቁጥር ማውጣት ቀላል ነው። ቁጥሩ አገልግሎት የሚሆነው ግን ሕግ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ሲያስር ነው፤ እነርሱም የማገናኘት ግዴታ፣ ጥሪውን ተቀብሎ የመድረስ ግዴታ፣ ለዚሁ ብቻ የሚውል ገንዘብ ናቸው። በአገራችን የመጀመሪያው በአንድ እጅ፣ ሁለተኛው በሌላ እጅ ሲገኝ፣ ሦስተኛው ግን ገና ባለቤት አላገኘም ብለን እናምናለን።

1. የአስቸኳይ ጥሪ ሥራ በምን በምን ይከፈላል?

አንድ ሰው ደውሎ እርዳታ እስኪያገኝ ድረስ ጥሪው በሦስት ደረጃ ያልፋል።

አንደኛው ደረጃ ማገናኘት ነው። ይህ የስልክ ድርጅቱ ሥራ ነው። ቁጥሩ አጭርና በቃል የሚያዝ መሆን አለበት። ደዋዩ በስልኩ ውስጥ ሒሳብ ባይኖረውም እንኳ ጥሪው ማለፍ ይገባዋል፤ የትኛውንም ኩባንያ መስመር ቢጠቀም ወደ አንድ ሥፍራ መድረስ ይገባዋል። ደግሞም ጥሪው ደዋዩ ወዳለበት ከተማ እንጂ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ራቀ ጽሕፈት ቤት መሄድ የለበትም።

ሁለተኛው ደረጃ መቀበል ነው። ለዚህ ሌሊትና ቀን ሳይለይ ጥሪ የሚሰማ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው በድንጋጤ የሚናገረውን ደዋይ አረጋግቶ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፤ ምን ሆነ፣ የት ሆነ፣ ስንት ሰው ተጐዳ። ከሦስቱ የሚከብደው «የት» የሚለው ነው። የቤት ስልክ ብቻ በነበረበት ዘመን መስመሩ ከቤቱ ጋራ የታሰረ ስለ ነበር አድራሻው ከመዝገብ ሊገኝ ይችል ነበር። የእጅ ስልክ ግን ከባለቤቱ ጋራ ይዞራል። በከተሞቻችንም አብዛኛው ሰው ቤቱን የሚያመለክተው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን «ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» እያለ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ አገሩን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ጥሪው ቢገባም ብዙ አይጠቅምም።

ሦስተኛው ደረጃ መድረስ ነው። ይኸውም አምቡላንሱ፣ የእሳት አደጋ መኪናው ወይም ፖሊሱ አደጋው ካለበት ቦታ መገኘቱ ነው። ለዚህም ነዳጅ፣ ጎማ፣ ሾፌርና የሕክምና ባለሙያ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል የቀሩት ሁለቱ ከንቱ ይሆናሉ። መስመሩ ጥሩ ሆኖ የሚያነሣ ሰው ከሌለ ስልኩ ሲጮኽ ያድራል፤ የሚያነሣ ሰው ኖሮ መኪናው ነዳጅ ካጣ ደግሞ ደዋዩ ያገኘው መልካም ቃል ብቻ ነው። ሕግ የሚያስፈልገውም ሦስቱን ለማያያዝ ነው።

2. በሌላው ዓለም እንዴት ተጀመረ?

በእንግሊዝ አገር አስቸኳይ ቁጥር የተጀመረው ከአንድ አሳዛኝ እሳት በኋላ ነው። በ1928 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1935) በለንደን ከተማ ዊምፖል በሚባለው መንገድ አንድ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየው ጎረቤት ወደ እሳት አደጋ ሰዎች ቢደውልም ማዞሪያው ጥሪውን ከሌሎች ጋራ በወረፋ አቆየው፤ እርሱም ይህንኑ በጋዜጣ ጽፎ አቤት አለ። ነገሩ ከተመረመረ በኋላ በሰኔ ወር 1929 ዓ.ም. (1937) 999 የሚባለው ቁጥር በለንደን ሥራ ጀመረ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚያ ሌሊት የጐደለው ስልክ አልነበረም። የጐደለው አስቸኳዩን ጥሪ ከተራው ለይቶ የሚያስቀድም ሥርዓት ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ በየከተማው ለፖሊስ፣ ለእሳትና ለአምቡላንስ የተለያየ ቁጥር ስለ ነበር ሕዝቡ ተቸግሮ ኖሯል። በየካቲት ወር 1960 ዓ.ም. (1968) በአላባማ ግዛት ሄሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ ተደረገ። ቁጥሩ በመላ አገሪቱ ለቤት ስልክም ለእጅ ስልክም የጋራ አስቸኳይ ቁጥር እንዲሆን በሕግ የተደነገገው ግን በ1992 ዓ.ም. (1999) ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ ሕጉ ድረስ 31 ዓመት አልፏል ማለት ነው። የአውሮጳ አገሮችም በሐምሌ ወር 1983 ዓ.ም. (1991) ባደረጉት ውሳኔ 112ን የጋራ ቁጥራቸው እንዲሆን መረጡ።

3. ወጪው ከየት ይመጣል?

ገንዘቡን በሚመለከት የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው።

ሀ/ በስልክ ሒሳብ ላይ የሚጨመር ልዩ ክፍያ። ይህ የአሜሪካ ግዛቶች መንገድ ነው። እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ በየወሩ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ትንሽ ገንዘብ ያስከፍላል ወይም ከተሞቹና ወረዳዎቹ እንዲያስከፍሉ ይፈቅዳል፤ አስቀድሞ በሚገዛ የስልክ ሒሳብ ላይ ደግሞ በብዙ ግዛቶች ክፍያው በሽያጩ ጊዜ ይታሰባል። ስልኩ ሲበዛ ገንዘቡም ይበዛልና መንገዱ ጥሩ ነው። ፈተናው ግን ገንዘቡ በሣጥን ተሰብስቦ ሲታይ ለሌላ ሥራ የሚመኘው ሰው አለመታጣቱ ነው። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. (2008) የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ግዛቶቹ የ911ን ገንዘብ በምን ላይ እንዳዋሉት በየዓመቱ ለምክር ቤቱ እንዲያስታውቅ አዘዘ። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ሮድ አይላንድ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ በማዋል በእነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ተጠርተዋል።

ለ/ የስልክ ድርጅቶች ግዴታ። በእንግሊዝ አገር የ999ን ጥሪ መጀመሪያ የሚቀበሉት ቢቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ የዚህን የመጀመሪያ መቀበያ ወጪ የሚሸፍኑት ደንበኞቻቸው የሚደውሉባቸው የስልክ ድርጅቶች ናቸው። ፖሊሱ፣ እሳት አደጋውና አምቡላንሱ ግን በመንግሥት ገንዘብ ይተዳደራሉ።

ሐ/ የመንግሥት በጀት። በሕንድ አገር በነሐሴ ወር 1997 ዓ.ም. (2005) በሃይደራባድ ከተማ የተጀመረው 108 የተባለ የአምቡላንስ ቁጥር ወደ ብዙ ክልሎች ተስፋፍቷል። የየክልሉ መንግሥት ከአንድ ድርጅት ጋራ ውል ያደርጋል፤ ድርጅቱ ጥሪውንም መኪናውንም ያንቀሳቅሳል፤ ሒሳቡን መንግሥት ይከፍላል። በዚህ መንገድ ድኻው በስልኩ ላይ ልዩ ክፍያ አይጨመርበትም፤ ነገር ግን በጀት በጠበበ ዓመት አገልግሎቱም ይጠባል።

4. የስልክ ሕግ በአገራችን

ስልክ በኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1894 ሥራው የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በ1945 ዓ.ም. ሥራውን የሚመራ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ስሙንና መልኩን እየለዋወጠ ቆይቶ በኅዳር ወር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሕዝቡ የሚያውቀው የስልክ ድርጅት አንድ ብቻ ነበር።

ይህን የለወጠው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። አዋጁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ፣ ለኩባንያዎች ፈቃድ የመስጠትን፣ የስልክ ቁጥሮችን የመደልደልንና የደንበኞችን መብት የመጠበቅን ሥልጣን ሰጠው። ሳፋሪኮም የተባለው ኩባንያም በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። አዋጁ በተጨማሪ ስልክ ወዳልደረሰበት ሥፍራ አገልግሎቱን ለማዳረስ የሚውል ፈንድ እንዲኖር አስቧል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ የስልክ ድርጅቶችን የሚገዛ ሕግ እንጂ፣ በየከተማው ጥሪ የሚቀበል ክፍል የሚያቋቁም ሕግ አይደለም። ፈንዱም መስመር ለማድረስ የታሰበ ነው፤ መስመሩ ከደረሰ በኋላ ከወዲያኛው ጫፍ «አቤት» ለሚለው ሰው ደመወዝ የታሰበ አይደለም።

5. ሽቦው የማን ነው? መኪናውስ?

እዚህ ላይ ወደ ሕገ መንግሥቱ መመለስ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎትን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። በአንቀጽ 52 ደግሞ የክልሉን የፖሊስ ኃይል ማደራጀትና የክልሉን ሰላም መጠበቅ የክልሉ ሥራ መሆኑን ይናገራል። ሆስፒታሎቹና ጤና ጣቢያዎቹ በአብዛኛው በክልል ሥር ናቸው፤ የእሳት አደጋ ክፍል ደግሞ የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰው ሲደውል ጥሪው የሚጓዘው በፌዴራል ሕግ በሚገዛ መስመር ነው፤ ሊደርስለት የሚገባው ሰው ግን ደመወዙን የሚያገኘው ከክልል ወይም ከከተማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መገናኛ በግዴታ የሚይዝ አካል በግልጽ አልተሰየመም።

በገንዘቡም በኩል ያው ነው። የአሜሪካ ግዛት የራሱን ምክር ቤት ሰብስቦ በስልክ ላይ ክፍያ ሊጥል ይችላል። የእኛ ሕገ መንግሥት ግን የግብር ሥልጣንን በአንቀጽ 96 ለፌዴራል፣ በአንቀጽ 97 ለክልል ዘርዝሮ፣ በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ የግብር ዓይነት ሲመጣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወስኑ በአንቀጽ 99 አዝዟል። እንደ መሰለን የክልሉ ምክር ቤት ብቻውን በስልክ ሒሳብ ላይ ግብር ቢጥል የሕገ መንግሥት ጥያቄ ይነሣበታል። መንገዱ ግን ዝግ አይደለም፤ ክልል ራሱ ለሚሰጠው አገልግሎት ዋጋ ማስከፈል ይችላል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶችም ከፈለጉ መወሰን ይችላሉ።

አንድ ሌላ ሕግም አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መርዳት ሲችል ሕይወቱ ወይም ጤናው በከባድ አደጋ ላይ ያለ ሰውን አስቦ ሳይረዳ የሚያልፍን ሰው ይቀጣል። ሐኪም ያልሆነ መንገደኛ በሐረጎ ቁልቁለት የተገለበጠ መኪና ቢያገኝ ሊያደርገው ከሚችለው እርዳታ ዋነኛው ስልክ መደወል ነው። እንግዲህ ሕጉ መንገደኛውን እንዲጠራ ያስገድደዋል ማለት ነው። ጥሪውን ማንሣት ግን የማን ግዴታ ነው? የደዋዩ ግዴታ ተጽፎ የተቀባዩ ግዴታ ካልተጻፈ ሕጉ በአንድ እግሩ የቆመ ይሆናል።

6. በኮምቦልቻና በደሴ ያለው ሁኔታ

በአገራችን የሚታወቁት አጫጭር ቁጥሮች ጥቂት አይደሉም። 907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር ነው፤ 991 የፖሊስ ነው፤ 939 የአዲስ አበባ ከተማ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ 8335 የሚባለው ነጻ ቁጥር በመላ አገሪቱ ተነግሮ ነበር። ያ ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሰው ሁሉ አፍ መግባቱ፣ መንግሥት ሲተጋ አንድን ቁጥር ለሕዝብ ማስተማር ከባድ እንዳልሆነ ያሳያል።

ነገር ግን አዲስ አበባን መሠረት አድርጎ የወጣ ቁጥር ለኮምቦልቻ ነዋሪ መፍትሔ አይሆንም። የየከተማው የፖሊስ ጣቢያ፣ የእሳት አደጋ ክፍልና ሆስፒታል በ033 የሚጀምር መደበኛ ቁጥር አላቸው፤ ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው ጥቂት ነው። በኮምቦልቻ ከባጃጅ ነጂዎችና ከባለ ሱቆች ጋራ ስንነጋገር የሰማነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው አደጋ ሲደርስበት መጀመሪያ የሚደውለው ለዘመዱ ነው፤ ዘመዱም የሚደውለው ለሚያውቀው ባለ መኪና ነው። በገጠሩም ምጥ የያዛት እናት ቤተሰብ የሚፈልገው የወረዳውን የአምቡላንስ ሾፌር የግል ስልክ ነው። ሾፌሩ ቅን ሰው ከሆነ ይመጣል፤ ስልኩ ከተዘጋ ወይም በሌላ መንገድ ላይ ካለ ግን ቤተሰቡ ሌላ የሚጠራው የለውም። አገልግሎቱ በአንድ ሰው ቅንነት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የቀይ መስቀል ማኅበርን ድካም እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ጊዜ ሲሆን፣ ደሴ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ ከቦምብ አልዳነም። ማኅበሩ ዛሬም አምቡላንስ ያሰማራል፤ ገቢው ግን በአባላት መዋጮና በርዳታ ላይ የተመሠረተ ነው። የበጎ ፈቃድ ማኅበር የመንግሥትን ግዴታ ሊያግዝ እንጂ ሊተካ አይችልም።

የቅርቡንም መከራ አንረሳም። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በዚያ ሁኔታ ቆይተዋል፤ ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ የደሴ ሆስፒታልም ተዘርፏል። በዚያ ወቅት የሕመምተኛ ቤተሰብ እንደ ጥንቱ በእግሩ መልእክተኛ መላክ ነበረበት። ስለዚህ ሕጉ ሲታሰብ ስልክ የማይሠራበትም ቀን አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

7. ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚውል ገንዘብ በአገራችን እንግዳ ነው?

አንዳንድ ሰዎች ተለይቶ የሚቀመጥ ገንዘብ የውጭ አገር ልማድ ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ ሦስት አስረጅ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የመንገድ ፈንድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው ይህ ፈንድ በነዳጅ ላይ ከሚታሰብ ክፍያ ገንዘብ እየሰበሰበ ለመንገድ ጥገና ያውላል። መንገዱን የሚጠቀም ሰው ለመንገዱ ይከፍላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 እያንዳንዱ ባለ መኪና መድን እንዲገባ ከማስገደዱም በላይ፣ በመኪና አደጋ የተጐዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የአስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ሲወጣ ደንግጎ ነበር። ገንዘቡ ዛሬ ካለው የኑሮ ውድነት ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ ቢሆንም መሠረቱ ትክክል ነው። ሆኖም ሕጉ የሚከፍለው ሕመምተኛው ሆስፒታል በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ከመንገድ ዳር እስከ ሆስፒታሉ በር ያለውን ሰዓት የሚሸፍን የለም።

ሦስተኛው የወሎ ሕዝብ ራሱ የሚያውቀው ቅሬ ነው። በሌላው አገር እድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የቅሬ ደንብ ምንድር ነው? ሁሉ ያዋጣል፤ ገንዘቡ ለተዋጣበት ጉዳይ ብቻ ይወጣል፤ ጥሪ ሲደርስ የቀረ ይቀጣል፤ ሒሳቡም በአባላት ፊት ይነገራል። በገጠር ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ የሚያደርሰው የሠፈሩ ሰው ነው። እንግዲህ የአስቸኳይ ጥሪ ሕግ የሚፈልጋቸው አራት ነገሮች፣ ማለት መዋጮው፣ ገንዘቡን ለዓላማው ብቻ ማዋሉ፣ የመድረስ ግዴታውና የሒሳብ ግልጽነቱ፣ ባልተጻፈ ሕግ በሕዝቡ ዘንድ አሉ። የቀረው ይህንኑ ከሠፈር ወደ ከተማ ከፍ አድርጎ መጻፍ ነው።

8. የሚታሰቡ መፍትሔዎች

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተሉትን አሳቦች እናቀርባለን።

1ኛ/ ለፖሊስ፣ ለእሳትና ለሕክምና አንድ የጋራ ቁጥር ይኑር። የቀድሞዎቹ ቁጥሮች ወዲያው አይጥፉ፤ ሕዝቡ እስኪለምድ ድረስ ወደ አንዱ ሥፍራ ይመሩ።

2ኛ/ ጥሪው ከማናቸውም ኩባንያ መስመር፣ ሒሳብ ባለቀበትም ስልክ በነጻ ማለፉ፣ ደዋዩ ያለበትም አካባቢ ለተቀባዩ መታወቁ የኩባንያዎቹ የፈቃድ ግዴታ ሆኖ በግልጽ ይጻፍ፤ ወጪውም የእነርሱ ይሁን።

3ኛ/ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ የጋራ የጥሪ መቀበያ ክፍል በክልል ሕግ ያቋቁሙ። ሁለት ቅርብ ከተሞች ሁለት ደካማ ክፍል ከሚኖራቸው አንድ ጠንካራ ቢኖራቸው ይሻላል። በዚያ የሚሠሩት ሰዎች አማርኛ ብቻ ሳይሆን ኦሮምኛና አፋርኛ የሚያውቁም ሊሆኑ ይገባል፤ ባቲና ከሚሴ ቅርብ ናቸውና፤ የሚሌም መንገድ ወደ አፋር ያደርሳልና።

4ኛ/ ለመቀበያ ክፍሎቹ ወጪ በስልክ ላይ አነስተኛ ክፍያ በፌዴራል ሕግ ይታሰብ። አንባቢ መጠኑን ይገምት ዘንድ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 የበጀት ዓመት መጨረሻ ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቆ ነበር። እያንዳንዱ ደንበኛ በወር 10 ሳንቲም ቢያወጣ በወር 7.8 ሚሊዮን ብር፣ በዓመት 93.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የአብዛኛው ሰው ሒሳብ አስቀድሞ የሚሞላ ስለ ሆነ፣ ክፍያው በወር ደረሰኝ ሳይሆን ሒሳብ ሲሞላ ቢታሰብ ይቀላል።

5ኛ/ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል በሕጉ ይከልከል፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በይፋ ይታተም። አሜሪካኖች ይህን የተማሩት ብዙ ገንዘብ ከባከነ በኋላ ነው፤ እኛ ከመጀመሪያው ብንጽፈው ይሻላል።

6ኛ/ ስልክ በሚቋረጥበት ቀን ሆስፒታሎች፣ ፖሊስና አምቡላንሶች የሚገናኙበት ሬዲዮ ይዘጋጅ።

9. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ ክፍያው በድኻው ላይ ይከብዳል የሚል ነው። እውነት አለበት፤ ሀብታሙና በጉልት ገበያ ተቀምጣ ቃሪያ የምትቸረችረው ሴት እኩል ሲከፍሉ እኩልነት አይደለም። ስለዚህ ክፍያው በሰው ቍጥር ሳይሆን በተሞላው ሒሳብ መጠን ቢሆን የተሻለ ነው፤ ብዙ የሚናገር ብዙ ይከፍላል፤ በ5 ብር የምትደውል ሴት የምትከፍለው እጅግ ትንሽ ይሆናል። ደግሞም ዛሬ አምቡላንስ ሲጠፋ መኪና በብዙ ብር ለመከራየት የሚገደደው ያው ድኻው መሆኑን አንርሳ።

ሁለተኛው፣ ነጻ ቁጥር ለቀልደኞችና ለልጆች መጫወቻ ይሆናል የሚል ነው። ይህ በየትም አገር ያለ ችግር ነው። በአገራችን ግን ሲም ካርድ በባለቤቱ ስም የሚመዘገብ ስለ ሆነ የሐሰት ደዋይን ማወቅ ይቻላል፤ መጀመሪያ ምክር፣ ከዚያም ቅጣት ሊከተል ይችላል።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ አምቡላንሱ ጥቂት ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ምን ይሠራል የሚል ነው። መልሳችን እንዲህ ነው። የማይመዘገብ ጥሪ የማይታይ ችግር ነው። ዛሬ በኮምቦልቻ ስንት ሰው ጠርቶ እንዳልተደረሰለት የሚናገር መዝገብ ከሌለ፣ ከተማው ሁለት አምቡላንስ ወይም ስድስት እንደሚያስፈልገው በምን ያስረዳል? በአንድ ክፍል የሚቀበል ጥሪ ሁሉ በሰዓቱና በቦታው ይመዘገባል፤ መዝገቡም ለበጀት ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ የመቀበያው ክፍል መኪና እስኪበዛ የሚጠብቅ ሳይሆን፣ መኪና እንዲበዛ ምክንያት የሚሆን ነው።

10. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከርነው፣ የአስቸኳይ ጥሪ ጉዳይ ከስልክ ጥበብ ይልቅ የሕግ ጉዳይ መሆኑን ነው። ጥበቡ በአገራችን አለ፤ በኮምቦልቻ ገበያ የእጅ ስልክ የሌለው ነጋዴ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። 994 ብሎ የደወለ ሰው ስለ ስልክ ሒሳቡ ከየትኛውም ከተማ ሆኖ የሚያናግረው የኢትዮ ቴሌኮም ሠራተኛ ያገኛል። ለሒሳብ ጥያቄ የተቻለው ነገር ለሕይወት ጥያቄ የማይቻልበት ምክንያት የለም፤ ልዩነቱ ለመጀመሪያው ባለቤትና ገንዘብ መኖሩ፣ ለሁለተኛው ግን አለመኖሩ ነው።

ፌዴራሉ መንግሥት መስመሩን፣ ክልሉ መቀበያውን፣ ከተሞቹ መድረሻውን ይዘው፣ ገንዘቡም በአንድ ሕግ ተለይቶ ቢጠበቅ፣ ከሐረጎ ሥር የሚነሣ ጥሪ ከሐረጎ ራስ ላይ የሚሰማበት ጊዜ ሩቅ አይሆንም። የሕግ ተማሪዎች የአንቀጽ 97ንና የ99ን ትርጓሜ በስፋት ቢመረምሩት፣ የሕክምና ተማሪዎችም ሕመምተኞች ወደ ደሴ ሆስፒታል በምን ዓይነት ማጓጓዣና በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ቢመዘግቡ፣ ይህ የተጀመረው ጥናት ይሟላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።